የወረቀት ዓሣ

ሶሐር ነው፤ ማክሰኞ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤
ባሕሩ ከአጥሩ ማዶ፣ በሙቀቱ ብዛት
ነጭ ሆኖ ይታያል፣ እንደ ታጠበ ቆርቆሮ።
ኤሲው ያንኮራፋል፤ የነገርኳቸው ዘንድሮ
ሦስቴ ነው፤ ማን ሰምቶ።

እኔ ምንጣፉ ላይ፣ እግሬን አነባብሬ፣
ሃያ ዓሣ ቆርጫለሁ፣ አንድ ካርቶን መንዝሬ።
በየሆዳቸው ሥዕል፦ ጀልባ፣ ወንበር፣ ደመና፣
ድመት፤ ፍየል የመሰለች፣ እጄ አልተማረምና።
በየአፋቸው አግራፍ፤ በክሩ ጫፍ ማግኔት፤
ስሙ ጨዋታ ነው፤ ፈተና ነው በእውነት።

ሃያ ቃል ነው የታዘዝኩት፤ ማን ያውቃል፣ ማን ይረሳል፤
ልጅ ግን «ፈተና» ካሉት የሚያውቀውም ይጠፋል።
እጁ ላይ ዱላ ስጡት፣ ከፊቱ ሳፋ ሙሉ ዓሣ፣
ቃሉ ራሱ ይመጣል፣ ከተኛበት እየተነሣ።
ትናንት ቢንጎ ነበር፤ ሽንብራ በሥዕሉ ላይ እያኖሩ፤
ግማሾቹ ሽንብራውን በሉት፤ ውጤቱን ከፈለጋችሁ ሆዳቸውን መርምሩ።

ወረቀቱ ከጉልበቴ ሥር፣ እርሳሱ ከጆሮዬ፤
በሳቃቸው መሐል እጽፋለሁ፣ እንደ ሰላይ ተከልዬ።
ሙዝና ጃንጥላ አጠመደች፤ «አምብሬላ!» ብላ ጮኸች፤
ዝናብ በዓመት አንዴ የምታይ ልጅ፣ ከየት አባቷ አገኘች?
ሀይሰም ወንበር ጎተተ፤ «ቼር!» አለና ተቀመጠበት፣
እዚያው ካርቶኑ ላይ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳበት።
ሁለት ምልክት። ዓሣዋ ግን ተጨፍልቃለች፤ ነፍሷን ይማር።

ከዚያ ሻህዳድ።
ባለፈው ወር፣ በወረቀቱ ፈተና፣ ስሙን ብቻ ጽፎ የሰጠ፤
እርሳሱን እያኘከ ደወል እስኪደወል የተቀመጠ፤
ርዕሰ መምህርቷ፣ ሚስ ዘዋን፣ ዜሮውን በቀይ ከብበው
«ይኼ ልጅ ቃል የለውም» ያሉት፣ ፋይሉን አንዴ አንብበው።
አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤቱ ባሉቺ ይወራል፤
ገበያ ሲወርድ ዓረብኛ፤ እኛ ጋ ሲመጣ ዝም ይላል።

ዱላውን አነሣ። ዝም አለ ክፍሉ።
ክሩን ለቀቀው፣ ሳይጎትት፣ በአመሉ።
«ቦት» አለ፣ ጀልባ ሲያወጣ። «ክላውድ» አለ፣ ደመናውን።
ፍየሌን እንኳ «ካት» አላት፤ ባረከልኝ ሥዕሌን።
እርሳሴ ሮጠ። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ጉንጬ ጋለ፤
ዜሮ የተከበበበት ልጅ፣ ይኸው፣ ስንት ቃል አዘለ!

የመጨረሻዋ ቀረች፤ ሆዷ ላይ ሌላ ሥዕል የሌላት፣
ራሷ ዓሣ የሆነች፤ ከሁሉ ትቀላለች ያልኳት።
አገላብጦ አየ፤ በስንዝሩ ለካ።
«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት። ዝም። ጅራቷን ነካ።
ደግሜ ጠየቅኩ። ሙዝና እጇን አውጥታ ትዘላለች፣
«እኔ! እኔ!» ትላለች፤ ቃሏን ልትተፋው ደርሳለች።
እሱ ግን ዱላውን አስቀምጦ፣ አጠገቤ መጥቶ፣
«ጅራቷ ከንዓድ፣ ሆዷ ጀይዘር፤ የቷ ናት?» አለኝ፣ በዓረብኛ፣ ተቆጥቶ።

የቷ ናት።
እርሳሴ ቆመ።

አባቴ ቢቸና እህል ይነግድ ነበር፤
እፍኝ ዘግኖ፣ እፍ ብሎ፣ ስሙን ይጠራል ከነቀዬው፦
ማኛ ነው፤ ሰርገኛ ነው፤ ይኼ ከቆላ፣ ዝናብ የለየው።
አንድ ቀን አንድ እንግዳ «ጤፍ አለ?» ቢለው በጅምላ፣
«የቱ ጤፍ?» አለው አባቴ፣ አዝኖለት፣ ከቁናው ኋላ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ሳጥን ነው፦ ያውቃል፣ አያውቅም።
ከአስተማሪው ለሚበልጥ ልጅ የሚሆን ሳጥን አልታተመም።
ኅዳጉ ላይ፣ በአማርኛ፣ ሳላስበው፣
«የቱ ዓሣ?» ብዬ ጻፍኩ። ሚስ ዘዋን ነገ እንዴት ያንብቡት? እንዴት ልተርጉመው?

ሻህዳድ አልሄደም። መቀሴን ወሰደ፤ የሆዷን ትርፍ ቆርጦ
ክንፏን አረመው፤ ሰማያዊ ከለር መርጦ
ጎኗ ላይ ሽንትር ሽንትር መስመር ጣለ።
ከንዓድ ሆነች። ለእኔም ታየኝ። አግራፏን አስተካከለ፤
ጉልበቴ ላይ አስቀመጣት፤
ከዚያ፣ ነገር ለማይገባው እንደሚራራ ሽማግሌ፣
በቀስታ፣ ለእኔ ሲል ብቻ፣
«ፊሽ» አለ።